ሳይታጠብ የታየ ቀለበት

ሰፈሩ የሰውየውን ዋና ስም ከረሳው ቆይቷል፤ «ጋሽ ማጉያ» ነው የሚለው። ሥራው ጌጣጌጥ መገመት ነው። ሰው ቀለበቱን ወይም ሐብሉን ኢንሹራንስ ሊያስገባ ሲፈልግ እሱ ጋ ያመጣና «ይኼ ዕቃ ምንድን ነው፣ ቢጠፋ ዛሬ በስንት ይተካል» የሚለውን ወረቀት ያስጽፋል። አውራ ጣት የምታክል ማጉያ መነጽሩን በጥቁር ማሰሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚውል፣ ዳቦ ሊገዛ ሲገባ እንኳ ባለ ዳቦ ቤቷ አትለቀውም።

«ጋሽ ማጉያ፣ በናትህ ዳቦዬን አትመርምርብኝ! ስንጥቅ አገኘሁ ብለህ ዋጋ ልታስወርድ ነው?»

«ስንጥቁንስ ተይው፣ ክብደቱ ነው የጎደለው» ይላታል።

ይሳሳቃሉ። ከዚያ እሱ ዳቦውን ይዞ ወደ ቤቱ ይወጣል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ሰው።

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ ዛሬም መስኮቱ ሥር ቆማለች። ጋሽ ማጉያ ምሳውንም ራቱንም የሚበላው እዚያች መኪና ላይ ነው። ጠረጴዛ ጠፍቶ አይደለም። ጠረጴዛውን አራት ወንበሮች ከበውታል፤ እሱ አንዱ ላይ ሲቀመጥ ሦስቱ አፍጥጠው ያዩታል። መኪናዋ ጋ ያለው ግን አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ እዚያ ሲቀመጥ የጎደለ ሰው ያለ አይመስልም።

ከሥሩ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤቱ፣ ነገር ሰምታ ስለማታሳድር «ዜና እወጃ» የሚሏት ሴትዮ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ወሬ ይዛ ወጣች። «ሰውየው ሴት አስገብቷል» አለች። «በየጠዋቱ ያወራታል። በጣሪያዬ በኩል እሰማዋለሁ። 'እንደምን አደርሽ' ሲላት በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ!» ወሬው ዳቦ ቤት ደረሰ፤ ከዳቦ ቤት ፀጉር ቤት ገባ፤ ከፀጉር ቤት ሲወጣ ሴትየዋ ሃያ ዓመት ተቀንሶላት፣ ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ወርዶ፣ እንዲያውም እርጉዝ ሳትሆን አትቀርም ተብሎ ነበር።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጋሽ ማጉያ በየጠዋቱ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ይስብና፣ ከመርፌና ከቁልፍ መሃል የሚስቱን የአልማዝ ቀለበት ያወጣል። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ቀለበቱን ይገለብጠውና የድንጋዩን ጀርባ ያያል። ፊቱንማ ማንም ያየዋል። ከጀርባው፣ ድንጋዩ ከወርቁ ጋር በሚገናኝባት ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ፣ የሃያ ስምንት ዓመት ጥርቅም አለ፦ የእጅ ክሬም፣ የሳሙና ቅባት፣ የደረቀ ሊጥ፣ ጨርቅ ላይ ታሰምርበት የነበረው ሰማያዊ ጠመኔ ብናኝ። ድንጋዩን ጨብጠው ከያዙት ስድስት የወርቅ ጥፍሮች ካንዱ ሥር ደግሞ የቀይ ክር ቁራጭ ተሰክታለች። በባዶ ዓይን አትታይም። በማጉያ ሲያዩዋት ግን ጫፏ ፍትልትል ብሎ፣ አሁን ከመርፌ የወጣች ነው የምትመስለው። ሚስቱ በመጨረሻ የጀመረችው ልብስ ቀይ ነበር፤ እጅጌው ሳይገባለት ነው እሷ ሆስፒታል የገባችው።

«እንደምን አደርሽ» የሚለው እንግዲህ ለዚህ ነው። ለቆሻሻ ሰላምታ ይሰጣል ብሎ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። ቆሻሻ መሆኑን እሱ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሥራው ነው።

አንድ ሰኞ ልጁ ደወለች። ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ ነው የምትኖረው።

«አባዬ፣ የእማዬን ቀለበት ለሠርጌ ላደርገው እፈልጋለሁ።»

የስፌት መኪናዋን መሳቢያ በእጁ ገፍቶ ዘጋው።

«ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ። ያንቺው ነው እኮ።»

«ግን ታውቀኛለህ አይደል? ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጃንጥላ ጥያለሁ። ኢንሹራንስ ሳይገባ ጣቴ ላይ አላደርገውም። ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ እስከዚያ ወረቀቱን ጨርስልኝ። ለሰው ሁሉ የምትጽፈው አይደል እንዴ?»

«ነው» አላት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሱቁ ገብቶ በሩን ዘጋና ቅጹን ዘረጋ። ሰው የግምት ወረቀት ሲባል ዋጋ ብቻ ይመስለዋል፤ ዋጋው የመጨረሻዋ መስመር ናት። ከዚያ በፊት ዕቃው ቢጠፋ፣ አይቶት የማያውቅ ሰው ልኩን አምጥቶ ሊተካው እስኪችል ድረስ መገለጽ አለበት። ቅርፁ ክብ። ስፋቱ 5.74፣ ጥልቀቱ 3.52 ሚሊ ሜትር። ድንጋዩ ከወርቁ ስላልወጣ ሚዛን ላይ አይቀመጥም፤ ክብደቱ ከልኩ ተሰልቶ፣ «በግምት» ተብሎ፣ 0.71 ካራት። ወርቁ ባለ አሥራ ስምንት ካራት፣ ማኅተሙ ከውስጥ በኩል፣ ጥፍሮቹ ስድስት፣ አንዱ ትንሽ ያለቀ። ፎቶ ከፊት፣ ከጎን፣ ከጀርባ። እዚህ ድረስ እጁ እንደ ልማዱ ሮጠ።

የቀለምና የጥራት መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ለነዚህ ድንጋዩ መታጠብ አለበት። ከጠረጴዛው ጥግ ውሃ ሞልታ ዝዝዝ የምትል ትንሽ ማጠቢያ ማሽን አለችው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቀለበት እንደገባ እሷ ውስጥ ነው የሚጥለው። ቀለበቱን በወረንጦ ያዘው። እጁ እስከ ውሃው ሄደ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ፣ እንደገና ተመለሰ። በመጨረሻ ቀለሙንም ጥራቱንም እንዳለ ገመተና፣ መዋሸት ስለማይችል፣ ከታች በራሱ እጅ «ሳይታጠብ የታየ» ብሎ ፈረመበት።

ማክሰኞ ጠዋት የኢንሹራንስ ቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ለዓመታት የምታውቀው ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ይኼ አይሆንም።»

«የቱ?»

«ባለቤቱ እርስዎ፣ ገማቹም እርስዎ። ራስዎ ለራስዎ መሰከሩ ማለት እኮ ነው።»

«እኔ ለራሴ አዳልቼ አላውቅም። ካላመንሽ ራሴን ጠይቂኝ።»

ሳቀች፤ ወረቀቱን ግን ወደሱ ገፋችው። «ደግሞ ይኼ 'ሳይታጠብ የታየ' የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ያልታጠበ ድንጋይ ቀለሙም ጥራቱም አይታመንም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ? ለቢሯችን ሥልጠና ሲሰጡ ያደሉን ወረቀት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ላውጣልዎት?»

«ተይው፣ አትልፊ።»

«ሌላ ገማች ይፈርምበት፤ ታጥቦ ይታይ። ሁለቱን ካሟሉ ዛሬውኑ አስገባልዎታለሁ።»

«ሌላ ገማች» ማለት ለሷ ቀላል ነው። በዚያ ጎዳና ያሉት ገማቾች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የተኮራረፈው ሰው።

ያ ሰው «ነጭ ጓንት» ይባላል፤ ሻይ እንኳ በጓንት ነው የሚጠጣው ይሉታል። ሱቁ ከጋሽ ማጉያ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። የተጣሉት በአንድ ፊደል ነው። የአልማዝ ቀለም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚሰፈረው፤ እንደ ውሃ ከጠራው ከዲ ተነሥቶ፣ ወደ ቢጫ እያዘነበለ ይወርዳል። አንዲት ባለ ሆቴል አንድ ቀለበት ለሁለቱም ብታሳይ ነጭ ጓንት ጂ አለ፣ ጋሽ ማጉያ ኤች አለ። የሰፈሩ ሕዝብ ተሰልፎ ቢያየው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አያገኘውም። እነሱ ግን ሰው ፊት ተዘላለፉና፣ ከዚያ ወዲያ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ብቻ ሆነ፤ እዚያም ራስ ተነቃንቆ ይታለፋል።

ጋሽ ማጉያ ረቡዕን መንገዱን ሲያይ ዋለ። ሐሙስ ተሻገረ።

በሩ ሲከፈት ነጭ ጓንት ከሥራው ቀና አለና አየው። ፊቱ ደነገጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። የቱን እንደሚያስቀድም ግራ ገባውና ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ልጄ ቅዳሜ ልትወስደው ነው። ኢንሹራንሶቹ ያንተን ፊርማ አሉ።»

«የኔን? የዚያን ቀለም የማይለይ ዕውር ፊርማ?»

«እንደዚያ ብያለሁ እንዴ?»

«ባለ ሆቴሏ ፊት። 'ይኼ ሰውዬ የትራፊክ መብራት እንዴት ይሻገራል' ብለህ ጨምረህበታል።»

«እሱን እንኳ ባልል ጥሩ ነበር። ይቅር በለኝ።» ከዚያ አላስችል አለው። «የባለ ሆቴሏ ድንጋይ ግን ኤች ነው።»

«ጂ ነው» አለ ነጭ ጓንት፤ ግን እየሳቀ ነው። ቀለበቱን አነሣ። ፊቱን አየ፣ ጎኑን አየ፣ ገለበጠው። ሲገለብጠው ሳቁ ቆመ። ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።

«ክሯን አየሃት?» አለ ጋሽ ማጉያ።

«አየኋት። ቀይ።»

«የሷ ናት። ጠመኔውም፣ ሌላውም። ሳይታጠብ ልታየው አትችልም? አንተ ዓይን አለህ...»

«አሁን ዓይን ወጣልኝ?»

«የምሬን ነው። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ልብሶቿን እህቷ ወሰደቻቸው። ትራሱ ሽታዋን ለቀቀ፣ እኔን እኔን ብቻ መሽተት ጀመረ። ያቺ የስፌት መኪና ላይ እንኳ የቀረው የኔ የዳቦ ፍርፋሪ ነው። ከሷ እጅ ላይ የቀረ ነገር ያለው እዚህች ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው።»

ነጭ ጓንት ቀለበቱን አስቀመጠና አንድም ሰው አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ ጓንቶቹን አወለቀ። እጆቹ የነጡ፣ የተጨማደዱ፣ ፀሐይ ያላያቸው ነበሩ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብትቆጣም ተቆጣ» አለ። «ከመታመሟ በፊት እዚህ መጥታ ነበር።»

«ማን?»

«ሚስትህ። እዚያ አንተ ያለህበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ቀለበቷን አውልቃ 'እጠብልኝ' አለችኝ። 'ያ ሰውዬ ቅዳሜ አጥብልሻለሁ፣ ቅዳሜ አጥብልሻለሁ እያለ ጉልበቱን የሰው ቀለበት ጨረሰው። የገማች ሚስት ሆኜ እጄ ላይ ያለው አልማዝ የመንገድ ጠጠር መስሏል። አንድ ቀን እንኳ ሲያበራ ልየው' አለች።»

ጋሽ ማጉያ የተቀመጠበትን ወንበር ዝቅ ብሎ አየ። ቅዳሜ። እውነት ነው፣ ብሏታል። ስንቴ እንዳላት አያስታውስም። ሁልጊዜ ማሽኗ ውስጥ ሌላ ሰው ቀድሞ ነበር።

«እና አጠብክላት?»

«ደንቡን ታውቀው የለ? የሌላ ገማች ሚስት ቀለበት ባሏ ሳያውቅ አይነካም። በዚያ ላይ ተኳርፈናል። 'ከሱ ጋር ስንታረቅ አጥብልሻለሁ' አልኳት። 'እናንተ እስክትታረቁ እኔ የት አለሁ' አለችኝ እየሳቀች። ቀለበቷን አድርጋ ሄደች።» ነጭ ጓንት እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቃቸው። «ለቅሶው ላይ ልነግርህ አስቤ ነበር። ራስህን ነቅንቀህ አለፍክ።»

ከውጪ አንድ መኪና ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ። ጋሽ ማጉያ ቀለበቱን ከጠረጴዛው አነሣና ገለበጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ተነሥቶ የጠበቀው ነገር፣ እሷ ይነሣልኝ ብላ ተፎካካሪው ደጅ ድረስ የሄደችበት ነገር ነው።

«ይታጠብ» አለ።

ነጭ ጓንት ወደ ማሽኑ ዞረ።

«ማሽኑ ውስጥ አይደለም። በእጅ።»

«በእጅ ከሆነ አንተ እጠበው።»

ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አመጣለት፤ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ። ጋሽ ማጉያ እጅጌውን ሰበሰበና ቀለበቱን ነከረው። ከጀርባ በኩል ብሩሹን በዝግታ ሲያሽከረክረው ውሃው መጀመሪያ እንደ ወተት ነጣ፤ ቀጥሎ የጠመኔው ሰማያዊ እንደ ጭስ ወጥቶ ተበተነ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንቱን ሰው እንዲህ አድርጎ ወደ ቧንቧ እንዳፈሰሰ ያን ጊዜ መጣበት። ስንት ባሏ የሞተባት፣ ስንት እናቱን የቀበረ፣ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥለት እሱ ሳይጠይቅ ዝዝዝ። አንዳንዶቹ ቀለበቱ ሲመለስላቸው ፊታቸው አይፈታም ነበር። እሱ ደግሞ ዋጋው አንሶባቸው ይመስለው ነበር።

ሲያወጣው ድንጋዩ ጮኸ ማለት ይቻላል። የመስኮቱን ብርሃን በሙሉ ሰብስቦ ጣሪያው ላይ በተነው።

«ክሯስ?» አለ ነጭ ጓንት።

ጥፍሩ ሥር የለችም። ሁለቱ ሰዎች ሳህኑ ላይ ተደፉ፣ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ጎዳናው ላይ ከነሱ የሚበልጥ ዓይን የለም። ውሃውን በሻይ ማጥለያ አጠለሉት፤ ማጥለያውን ነጭ ወረቀት ላይ ገለበጡት።

«አገኘሁ!» አለ ነጭ ጓንት። «ክር ነው!»

«ቀለሙ?»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞረው። «ነጭ።»

«ያንተ ጓንት ነው።»

እንደገና አጠለሉ። ሦስተኛም አጠለሉ። ሻይ መጠጫ ሰዓት አለፈ፤ አንድ ደንበኛ በሩን ከፍቶ፣ ሁለት ሽማግሌዎች በእጣቢ ውሃ ላይ ተደፍተው አይቶ፣ ሳይተነፍስ ተመለሰ። ቀይ የሚባል ነገር አላገኙም።

«በቃ» አለ ጋሽ ማጉያ በመጨረሻ፤ ቀና ሲል ወገቡን ይዞ። «ጻፍ።»

ነጭ ጓንት ጓንቱን አጥልቆ መለካት ጀመረ፤ ያገኘውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ስፋቱ፣ ጥልቀቱ፣ ክብደቱ በግምት፤ ሁሉም ጋሽ ማጉያ ካገኘው ጋር አንድ ነው። ጥራቱ ላይ ሲደርስ ከታጠበ በኋላ የታየችውን፣ ከድንጋዩ ጠርዝ አጠገብ ያለች የላባ ቅርፅ ስንጥቅ ቅጹ ላይ ባለው የድንጋይ ሥዕል ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስቀመጣት፤ ድንጋዩ ቢሰረቅና ቢገኝ የሚታወቀው በዚያች ነው። ያለቀው ጥፍር እንዲጠገን ጻፈ። ቀለሙ ላይ ግን አፉን ሲከፍት ቆመ።

«ጂ ልትል ነው?»

«ልል ነበር።»

«ኤች ነው። የኔ ነው ብዬ አልደብቅም።»

«ከራስህ ሚስት ቀለበት ላይ ትቀንሳለህ? ወይ አንተ ሰውዬ!» ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለና «ከጂ እስከ ኤች» ብሎ ጻፈ። ድንጋይ ከወርቁ ሳይወጣ ሲታይ እንዲያ መጻፍ ይፈቀዳል፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊትም ይፈቀድ ነበር።

ቅዳሜ ልጁ መጣች። ቀለበቱን ጣቷ ላይ አድርጋ እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋችና ጮኸች።

«ውይ አባዬ! እማዬ ጣት ላይ እንዲህ ሲያበራ አይቼው አላውቅም!»

«አልታጠበም ነበር።»

«ለምን? አንተ እያለህ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እያልኩ።»

ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። ስለ አዳራሽ፣ ስለ ቀሚስ፣ ስለ እጮኛዋ እናት ፀባይ አወራችለት። ጠረጴዛው ላይ አብረው በሉ፤ የዚያን ቀን ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያፈጠጠው። ስለ ክሯ ሊነግራት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት ጊዜም ውሃ አቀበለችው።

«ወረቀቱን ከቀለበቱ ጋር አንድ ቦታ እንዳታስቀምጪው» አላት ደረጃው ላይ። «ሌባ ሁለቱንም ከወሰደው በምን ታስረጃለሽ? ዋጋውም በየሦስት ዓመቱ ይታደስ።»

«እሺ አባዬ።»

«ስትታጠቢ አውልቂው።»

«እሺ አልኩ እኮ!» ሳመችውና የስምንት ሰዓት አውቶቡሷን ለመያዝ እየሮጠች ወረደች።

እሑድ ጠዋት መሳቢያውን ሳበ። መርፌ፣ ቁልፍ፣ የተሰበረ ጠመኔ። መልሶ ገፋው። በሳምንቱ ዜና እወጃ ዳቦ ቤት ገብታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተጣልተዋል መሰለኝ፤ ሴትየዋ ሄዳለች» አለች። ባለ ዳቦ ቤቷም ጋሽ ማጉያ ሲገባ ስለ ስንጥቅ አልቀለደችም፤ አንድ ዳቦ ጨምራ ሰጠችው። ለምን እንደሆነ አልገባውም።

የዚያው ሰሞን አንዲት አስተማሪ ቀለበት ይዛ ሱቁ መጣች። ለኢንሹራንስ ነው አለች፤ የእናቷ ነበር፤ ቸኩላለች። ወረንጦውን አነሣ፣ የማሽኗን ክዳን ከፈተ፣ ከዚያ እጁን ሰበሰበ።

«ይታጠብ?»

«እንዴ ጋሼ! ቆሻሻውንም ሊገምቱልኝ ነው?»

«አልችልም። ለሱ መስመር የለኝም። ግን ከመታጠቡ በፊት ልታዪው ትፈልጊ እንደሆን ብዬ ነው።»

ማጉያውን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት፤ እንዴት እንደሚያዝ አሳያትና ቀለበቱን ገልብጦ ያዘላት። ሴትየዋ እየሳቀች ጎንበስ አለች። ሰዓቷን ልታይ የነበረው እጇ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ብዙ ቆየች፣ ቀና አላለችም። እሱም አላጣደፋትም፤ ቀለበቱን እንዳይንቀሳቀስባት ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ የማሽኗን ክዳን በሌላው እጁ ቀስ ብሎ ከደነው።